ተጎታች ስባችሁ ተራራ ስትወጡ ሞተር እንዳይፈላባችሁ፦ ከዝግጅት እስከ ድንገተኛ እርምጃ

ተጎታች ይዘው ዳገት የሚወጡ ብዙ ሾፌሮች የሙቀት ጌጁን ማየት የሚጀምሩት ቀስቱ ሽቅብ ከተነሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ለመፍላት ጥቂት ይቀረዋል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይስባል፣ መንገዱ ጥምዝ ስለሆነ ጥግ ይዞ መቆሚያም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ይበልጥ የሚያተኩረው መኪናው ገና ቤት ቆሞ ሳለ በሚሠራው ሥራና ዳገቱ ላይ በምትይዙት ፍጥነት ላይ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። ራዲያተሩ (ኩላንቱን በአየር የሚያበርደው ክፍል) የተደፈነ መኪና ላይ የትኛውም የመንዳት ዘዴ ብዙ አይረዳችሁም።

## ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

መኪናው ከነተጎታቹ 4000 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ዳገቱ ደግሞ 6 በመቶ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ይህን ክብደት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 59 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ነፋሱን ለመግፋትና ጎማውን ለማሽከርከር የሚወጣው ገና አልተደመረም። ፍጥነቱን ወደ 60 ብታወርዱት ይኸው ሥራ 39 ኪሎዋት ይሆናል። ሞተር ለጎማ ከሚሰጠው ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ወደ ኩላንቱ ስለሚለቅ፣ ፍጥነት በቀነሳችሁ ቁጥር የራዲያተሩ ሸክም አብሮ ይቀላል። ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ እርምጃ አላውቅም።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በራዲያተሩ መካከል ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ኩላንቱን ከዚህ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የያዘው ግፊት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስም ነዳጅ መስጫውን ይበልጥ ትረግጣላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ክብደቱን ልክ አስይዙ

1. ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ፦ መኪናው ሊስብ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት፣ እና የመኪናውና የተጎታቹ ድምር ማለፍ የሌለበትን ጣሪያ። የሚረሳው ሁለተኛው ነው። ተሳፋሪውም ሻንጣውም ታንከር ሙሉ ነዳጁም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።
2. ለከፍታው ቀንሱ። አንዳንድ አምራቾች በየ300 ሜትሩ 2 በመቶ፣ ሌሎች በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። የእናንተ መጽሐፍ ያለውን ያዙ።
3. በግምት አትሂዱ። የተጫነውን ተጎታች የመኪና ሚዛን ላይ አውጡት።

## ደረጃ 2፦ ራዲያተሩን እጠቡ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በፊት ግሪሉ በኩል አጮልቆ ያያል፣ ንጹሕ ነው ብሎ ኮፈኑን ይዘጋል። ከፊት የሚታየው ግን በብዙ መኪኖች ላይ የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ነው፤ ራዲያተሩ ከኋላው ተደብቋል። በሁለቱ መካከል ጣት እንኳ የማታስገባ ክፍተት አለች። አቧራው፣ የነፍሳቱ ክንፍ፣ የሣሩ ዘር እና የዘይቱ ትነት እዚያች ክፍተት ውስጥ ተያይዘው እንደ ጥጥ ባዘቶ ይነጠፋሉ። ሜዳ ላይ ብቻ ስትነዱ ይህ ንጣፍ ራሱን ላያሳውቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን የራዲያተሩን ትልቅ ክፍል ከአየር ይዘጋዋል።

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጀምሩ። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀሉ።
2. ከራዲያተሩ በላይ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ፍቱና በመብራት ወደ ክፍተቷ ቁልቁል ተመልከቱ።
3. ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ልቀቁ። ከፊት ብትረጩ ቆሻሻውን ይበልጥ ትጠቀጥቁታላችሁ።
4. ተራ የውሃ ጎማ ይበቃል። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ቀጫጭኖቹን የአሉሚኒየም ክንፎች ያጣምማቸዋል፤ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ አየር አያሳልፍም።
5. ከሥር የሚንጠባጠበው ውሃ እስኪጠራ ቀጥሉ።

ካልሠራ፦ ቆሻሻው ተጋግሮ አልወጣ ካለ፣ ለራዲያተር የሚሆን ሳሙና ረጭታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ድገሙት። አሁንም ካልወጣ መካኒክ ራዲያተሩን ፈትቶ ከኮንደንሰሩ እንዲያላቅቀው አድርጉ። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን ከግሪሉ ፊት የተደረደረውን ተጨማሪ መብራት፣ ጌጣጌጥና መሸፈኛ አንሱ። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ከለላና ከሞተሩ ሥር ያለው መሸፈኛ ግን በቦታቸው ይኑሩ። አየሩን አቅጣጫ አስይዘው በራዲያተሩ በኩል የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው፤ ከጥገና በኋላ ሳይመለሱ የቀሩባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

## ደረጃ 3፦ ኩላንት፣ ክዳን፣ ማኒኮቶ

1. ኩላንቱን አስለኩ። ለአብዛኛው መኪና ትክክለኛው ድብልቅ ግማሽ አንቲፍሪዝ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው። ይህ ድብልቅ ያለ ግፊት በ107 ዲግሪ ገደማ፣ 1 ባር በሚይዝ ክዳን ሥር ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ በ129 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንቲፍሪዝ በበዛ ቁጥር ይበርዳል የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ሙቀት በመሸከም ከውሃ ያንሳል። ውሃ ብቻ መሙላትም አይሆንም፦ ቶሎ ይፈላል፣ ውስጡን ያዝጋል።
2. በቀለም አትመሩ። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። መጽሐፉ የጠቀሰውን ዓይነት ግዙ፤ የቆየው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ በአዲስ ሙሉ።
3. ክዳኑን መርምሩ። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉም ከላላ ግፊቱን አይዝም። በጥርጣሬ ከመሄድ ቀይሩት። አዲሱ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን ደካማውን ማኒኮቶ (ኩላንቱ የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ) ያፈነዳል።
4. ማኒኮቶዎቹን ጨምቁ። ሲቀዘቅዙ በእጅ ስትጨምቋቸው የሚልሞሰሞሱ፣ ያበጡ ወይም የተሰነጠቁ ከሆኑ ይቀየሩ። የታችኛውን በተለይ እዩት፦ ሌላ ሰው የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 3000 ከፍ ሲያደርግ የውሃ ፓምፑ በሚስበው ኃይል ከተጣበቀ ሞተሩ ዳገት ላይ ውሃ ያጣል። ይህ ጉድለት ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር አይታይም።
5. ቺንጋውን እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም ከላላ የውሃ ፓምፑን ሙሉ በሙሉ አያዞርም።
6. አየር አውጡ። ኩላንት ከተቀየረ በኋላ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ከፍታችሁ፣ መጽሐፉ ባለው መንገድ አየሩን አስወጡ። ቴስታታው አካባቢ የቀረ አየር አንዱን ቦታ ብቻውን ያቃጥለዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ይቀዘቅዛል" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ በአቋራጩ ተመልሶ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ጭነት ሲበዛም ይፈላል። ካረጀ በትክክለኛው ዲግሪ አዲስ ቀይሩት።

## ደረጃ 4፦ ፋኑን ፈትኑ

ዳገት ላይ ፍጥነታችሁ ዝቅ ስለሚል የነፋሱን ሥራ የሚተካው ፋኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ሞተሩን አስነሱና ኤሲውን ክፈቱ። በብዙ መኪኖች ፋኑ ጥቂት ቆይቶ መዞር አለበት። ሁለት ፋኖች ካሉ ሁለቱም መሥራታቸውን አረጋግጡ።

በቺንጋ የሚዞርና መሐሉ ላይ የሲሊኮን ዘይት ያለው ክላች የተገጠመለት ከሆነ፣ ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ከዚያ ፋኑን በእጅ አሽከርክሩ። ደህናው ክላች ይከብዳል፣ ወዲያው ይቆማል። ሙቅ ሆኖ ሳለ ሳይከብድ ደጋግሞ የሚዞር ከሆነ ወይም ፊቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ምልክት ከታየ ይቀየር።

## ደረጃ 5፦ ካምቢዮውን አትርሱ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት በብዙ መኪኖች የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀመጠ ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ሲግል ሙቀቱን ለሞተሩ ያካፍላል። ካምቢዮውን በጣም የሚያግለው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሳይቆለፍ እየተንሸራተተ ሲሠራ ነው፤ ይህም ከባድ ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ፍጥነትና በከፍተኛ ማርሽ ሲኬድ ይበዛል።

ዘይቱን እዩት፣ አሽትቱት። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ከጉዞው በፊት ይቀየር። ተጎታች አዘውትራችሁ የምትስቡ ከሆነ ለካምቢዮ ዘይት ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አስገጥሙ፤ በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው።

## ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን ዲግሪ የሚያሳይ ነገር አዘጋጁ

የዘመናዊ መኪና ጌጅ ሾፌሩን እንዳያስጨንቅ ተብሎ የተስተካከለ ነው። ከ80ዎቹ እስከ ከ100 በላይ ባለው ሰፊ ክልል ቀስቱ መሐል ላይ ተተክሎ ይቆያል፣ ከዚያ በድንገት ይዘላል። የዘለለ ቀን ለመዘጋጀት ጊዜ አይሰጣችሁም።

ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሙቀቱን በቁጥር ወደ ስልካችሁ ይልካል። ያለ ተጎታች ሜዳ ላይ ስትነዱ የሚያሳየውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ብዙ መኪኖች ከ90 እስከ 105 ባለው ውስጥ ይሆናሉ። መኪናው የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ እሱንም ያዙ።

ወደ መኪናው ከሚጫኑት መካከል 10 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ ኩላንት፣ ወፍራም ጨርቅ፣ ጓንት፣ መብራትና ለጎማ የሚሆን ታኮ ይኑር።

## ደረጃ 7፦ ከዳገቱ ሥር

1. ከተቻለ ማለዳ ተነሱ።
2. ዳገቱ ሳይጀምር የመሳቢያ ሞዱን አብሩ፤ ከሌለ ኦቨርድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) አጥፉ። ካምቢዮው በሁለት ማርሽ መካከል እየዋዠቀ እንዳይግል ያደርጋል።
3. ማርሹን ቀድማችሁ አውርዱ። ሞተሩ ማቃሰት እስኪጀምር አትጠብቁ።
4. ቁጥሩን አንብቡ። ገና ከሥር ሳላችሁ ከወትሮው ከፍ ካለ አትጀምሩ፤ ቆማችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ለዳገቱ ብላችሁ ከሥር ፍጥነት አታጠራቅሙ። ረጅም ዳገት ላይ ያ ፍጥነት ወዲያው ያልቃል፤ ያተረፋችሁት ሞተሩን አስቀድሞ ማጋል ብቻ ነው።

## ደረጃ 8፦ ዳገቱ ላይ

ቀኙን ወይም የዘገምተኞቹን መስመር ያዙና ከ50 እስከ 70 ባለው ፍጥነት ረግታችሁ ውጡ። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ መረገጥ የለበትም፤ ወለሉን ከነካ ወይ ማርሹ ከፍ ብሏል ወይ ፍጥነቱ በዝቷል።

የሞተሩን ዙር አትፍሩ። ብዙ ሾፌር ሞተሩ ሲጮኽ ያዝንለትና ማርሽ ይጨምራል፤ ይህ ነገሩን ይገለብጠዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ከ2500 እስከ 3500 ባለው ዙር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር የውሃ ፓምፑን በፍጥነት ያዞራል፣ በቺንጋ የሚዞር ፋን ካለውም አየሩን በብዛት ይስባል። የናፍጣ ሞተር ዙሩ ዝቅ ይላል፣ መርሑ ግን ያው ነው። በከፍተኛ ማርሽ እየተንገፈገፈ የሚወጣ ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ትንሽ ውሃ ያዞራል።

ከፊታችሁ ካለው ከባድ መኪና ራቁ። ተጠግታችሁ ከተከተላችሁት የሚደርሳችሁ እሱ ያሞቀውና ያደፈረሰው አየር ነው። ነፋሱ ከኋላችሁ የሚነፍስ ከሆነ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው አየር ስለሚቀንስ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ አንብቡ።

## ደረጃ 9፦ ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር

ሜዳ ላይ ከምታዩት በ10 ዲግሪ ሲበልጥ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ኤሲውን አጥፉ። ኮንደንሰሩ ለራዲያተሩ የሚደርሰውን አየር እያሞቀ ነው።
2. ፍጥነቱን በ15 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንሱ፣ አስፈላጊ ከሆነም አንድ ማርሽ አውርዱ።
3. ማሞቂያውን በመጨረሻው ሙቀትና በመጨረሻው የአየር ኃይል ክፈቱ፣ መስኮቶቹን አውርዱ። ማሞቂያው ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ይሞቃችኋል፤ ታገሡት።
4. አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ ከቆመ ወይም ከወረደ በዚሁ ሁኔታ ቀጥሉ። አሁንም ከወጣ ወይም 115 ካለፈ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ።

ሁለት አታላይ ምልክቶች። ማሞቂያውን ሙሉ ከፍታችሁ ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰ ኩላንቱ ጎድሏል ማለት ነው። ከፍ ብሎ የነበረው ጌጅም በድንገት ወደ ታች ከወረደ "በረደ" ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቶ የውሸት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ።

## ደረጃ 10፦ ስትቆሙ

በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ በመኪናውም በተጎታቹም ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ፣ የአደጋ መብራቱን አብሩ። ከዚያ ሁኔታውን ለዩ፦

- እንፋሎት የለም፣ ውሃ አይፈስም፣ ጌጁ ቀይ አልነካም፦ ሞተሩን አታጥፉ። በፓርክ ወይም በኒውትራል ዙሩን ወደ 1500 ከፍ አድርጋችሁ፣ ማሞቂያው እንደተከፈተ፣ ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ወደቆመው ውሃ እየገባ ለደቂቃዎች ያግለዋል።
- እንፋሎት አለ፣ ውሃ ይፈሳል ወይም ጌጁ ቀይ ውስጥ ነው፦ ወዲያው አጥፉ። ውሃ በሌለበት ሞተር ማሽከርከር ቴስታታውን ያጣምማል።

ኮፈኑ ሥር እንፋሎት ካለ እስኪበርድለት አትክፈቱት። የራዲያተሩንም ሆነ ግፊት የሚይዘውን የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ክዳን ቢያንስ ለ45 ደቂቃ አትንኩ። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ሳይፈላ የቆየው ኩላንት በቅጽበት ፈልቶ ይተፋል፤ ፊትና እጅ የሚላጠው በዚህ ነው። ሰው ቢቸኩልባችሁም እምቢ በሉ።

## ደረጃ 11፦ መሙላት

1. የላይኛውን ማኒኮቶ በጓንት ዳስሱ። ካልሞቀና ሲጨመቅ ካልጠነከረ ግፊቱ ወርዷል።
2. ወፍራሙን ጨርቅ ክዳኑ ላይ አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ በጥቂቱ ብቻ አላሉት። ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠብቁና ክፈቱ።
3. ሞተሩ ገና ሙቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ አትገልብጡበት፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲበርድ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።
4. ሞተሩን አስነሱ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ውሃው ሲጎድል እየጨመራችሁ ከሞላ በኋላ ክደኑት። ከመኪናው ሥርም የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እዩ።
5. የጨመራችሁት ንጹሕ ውሃ ከሆነ ድብልቁ ቀጥኗል። ከጉዞው በኋላ አስተካክሉት፤ ውርጭ ባለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን አታሳድሩት።

## ደረጃ 12፦ ትቀጥላላችሁ ወይስ አትቀጥሉም?

ውሃው ካልፈሰሰ፣ ቁጥሩ ወደ ወትሮው ከተመለሰና ምክንያቱ ከታወቀ፣ ለምሳሌ ፍጥነት አብዝታችሁ ከነበረ፣ በዝግታ ቀጥሉ። በየመቆሚያው እያረፋችሁ መውጣት ምንም ነውር የለውም።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን አትንዱ፦ ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥና ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ፣ ወተት የመሰለ የሞተር ዘይት፣ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚንፈቀፈቅ አረፋ፣ ሞልታችሁት ወዲያው የሚጎድል ውሃ። እነዚህ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መበላቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። መኪናውን የሚጭን ተሽከርካሪ ጥሩ።

ሙቀቱ በእረፍት እየወረደ ዳገት ላይ ግን ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ጭነቱ ለዚያ ዳገት በዝቷል። ደልዳላ ቦታ ላይ ተጎታቹን በታኮ አስይዛችሁ ፍቱት፣ ሌላ አቅም ያለው መኪና እንዲስበው አድርጉ ወይም ዕቃውን ከፍላችሁ በሁለት ዙር አውጡት።

ጫፉ ላይ ስትደርሱም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ፤ ቱርቦ ካለው ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ጀምሩት፤ ሞተሩ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ የሚግለው ፍሬኑ ነው።